የዛፉ ልብስ የማን እንደሆነ

ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት ዐሥራ አንድ ቀን፣ እኔ ሠዓሊው እጄ ቢንቀጠቀጥም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሥዕል ክፍሌ ተቀምጬ በምስክሮች ፊት ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ልቡናዬ በደህናውም ጊዜ ያን ያህል የተመሰገነ እንዳልነበረ ምስክሮቹ ያውቃሉ።

ቤቱን፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ጋር፣ ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። ሥዕሎቼ ለወንድ ልጄ ይሁኑ። አንዱንም ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አያውቅም፤ እንግዲህ የት እንደሚያደርጋቸው እርሱ ይጨነቅበት።

ለባሌትና ለቴአትር የሠራኋቸው የመድረክና የአልባሳት ንድፎች ግን ታሪክ አላቸው። በወጣትነቴ አንድ የባሌት አዘጋጅ «ጫካ ሥራልኝ» አለኝ። ዘመናዊ ነኝና ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች አቆምኩለት። «ጫካው የታለ?» ቢለኝ «የሚያየው ያየዋል» አልኩት። ለዋናዋ ተወዛዋዥ ደግሞ በሙጫ የደረቀ፣ እንደ ቧንቧ የቆመ የሸራ ልብስ አሰፋሁላት። በልምምዱ ዕለት ለብሳው ቆመችና፣

«ወንድሜ፣ በዚህ እንዴት አድርጌ ነው የምራመደው?» አለችኝ።

«ዛፍ አይራመድም።»

«መጨፈርስ ይጨፍራል? እኔ የተቀጠርኩት ለመጨፈር ነው።»

ከልብስ ሰፊዋ መቀስ ተቀብላ ከጉልበቷ በታች ያለውን ቆርጣ ጣለች፤ የቀረውን ተለተለችው። አኩርፌ ወጣሁ። በመክፈቻው ምሽት ያ ትልትል ከእርምጃዋ ጋር እንደ ቅጠል ሲርገፈገፍ አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጋዜጠኛው «እንዴት አሰቡት?» ሲለኝ «እሷ ናት የቆረጠችው» አልኩት። በማግስቱ «ትሑቱ ሊቅ» ብሎ ጻፈ። ዝናዬ ከዚያ ይጀምራል። በዓመቱ አገባኋት፤ እቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ሊቅ ያለኝ የለም።

አሁን ሙዚየሙ ንድፎቹን ጠይቋል። የባለቤቴ ስም ከስሜ ቀድሞ ካልተጻፈ አንዲት ወረቀት እንዳትሰጡ። ሴት ልጄ «አባዬ፣ እምቢ ቢሉስ?» ብላ ጠይቃለች። እምቢ ካሉ የእናትሽ ናቸው፤ የፈለገችውን ታድርጋቸው።

ቃሌን ልዘጋ ስል ባለቤቴ «ለሁሉም ሰጠህ። ለእኔስ?» አለች።

«ምን ቀረኝ?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠርኩበት ቀን ነው። ሐኪሙ ሲቀጥረኝ እኔ እንደማልሄድ ለራሴ ወስኜ ኑዛዜ ጸሐፊ አስጠራሁ።

«ፈርቼ እኮ ነው» አልኳት፣ ምስክሮቹ እየሰሙ።

«አውቃለሁ። እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር አብሬህ እሄዳለሁ።»

ስለዚህ ሐሙስን ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ። ይህን ቃል ወራሽም ሆነ ባዕድ ማፍረስ አይችልም፤ እኔው ራሴም ብሆን።

ምስክሮች፦ የቴአትር ቤቱ የመብራት ሠራተኛ፤ ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ፤ ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ።

ፊርማ፦ ሠዓሊው። እጁ ስለተንቀጠቀጠ ባለቤቱ ክርኑን ደግፋለች።