ቅጹ ላይ የተጻፈው እግር

ውድ ወንድም ጋሼ፣ ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ተመስገን፣ አለን። የልብስ ስፌቱም ደህና ነው፤ የመዘምራኑን ልብስ ጨርሼ አስረከብኩ።

ለእማዬ የቸርቻችን ነቢይ ጸለየላት። በር ላይ የጸሎት ቅጽ የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የቆሰለ ቀኝ እግሯን «ግራ» ብዬ ጻፍኩ። እሱም መድረክ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ግራ እግርሽ ላይ ቁስል ይታየኛል፤ ድነሻል!» አላት። የስኳር መድኃኒቷን እዚያው ጣለችው። ስህተቱን ብነግራት፣ «ፊት ለፊቴ ስለቆመ ዞሮበት ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። ድሮ ቤት መጥተው በለሆሳስ የሚጸልዩላት ጎረቤታችን አሮጊቷ፣ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ስላሏት ብቻ አኩርፋቸዋለች።

አሁን ካልሲዋን አታወልቅም። እኔም ብርዱን ችዬ መስኮቱን ከፍቼ እውላለሁ።

«ድኛለሁ በይው» ብላኛለች። ጫማ እልክላታለሁ ያልከው ግን ለጊዜው ይቆይ።

ናፋቂህ እህትህ