ቃሪያ የሌለበት ጠርሙስ

ለወንድሜ እጮኛ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የእናትሽስ ጉልበት ተሻላቸው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ከዚህ በላይ ደህና ነን ብልሽ አታምኚኝም። የወንድሜን የኬርዊንን የዝናብ ካፖርት እኔ ነኝ የምለብሰው፤ እጅጌው ይረዝመኛል፣ እማ ግን ላሳጥረው አትልም።

ይህን የምጽፍልሽ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ከሰሌዳው ላይ የምገለብጥ መስሎታል። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ጂፕ ወደ እናንተ ወደ ማራቫል ሳይወርድ ልጨርሰው ስለሆነ ጽሑፌን አትቀየሚው።

ነገሩ የቅመሙ ጠርሙስ ነው። ጂፕ ተራው ላይ በመስኮት አቀብለሽኝ፣ ለአርባው ስጋ ይሁን፣ ከማን እንደመጣ ግን እንዳትናገር ያልሽኝን ጠብቄ ነበር። እማ በኬርዊን ቀብር ዕለት በሰው ፊት ደጄን እንዳትረግጪ ካለችሽ ወዲህ ስምሽ እቤት አይነሳም። ልጄ በዚያ ዝናብ በሞተር ሳይክል ቁልቁለቱን የወረደው እሷን ለማየት ነው ትላለች።

እማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙቀጫውን አልነካችም። ተዳፋቱ ላይ ያለው ጦስኝ አብቦ ደርቋል፣ ድንብላል ድንብላል የሚሸተው ሻዶ ቤኒም ከቅጠሉ እሾሁ በዝቷል። ስለዚህ ትናንት ታንቲ ዩፌሚ፣ የእማ እህት፣ የፍየሉን ስጋ በሎሚ አጥባ ራሷ የወቀጠችውን ቅመም ይዛ ቀረበች። እማ በጣቷ ቀምሳ፣ ይሄን ላም ፊት ብታቀርቢው ይሻል ነበር አለቻት። ታንቲም፣ ላሟ ቢያንስ አመስግና ትበላለች ብላ መለሰች። ሊጣሉ ደረሱ። ያኔ ነው ጠርሙስሽን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከገበያ ገዛሁት ያልኩት።

እማ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። የኮምጣጣ ብርቱካን ልጣጭ ፍቆ የሚጨምርበት ኬርዊን ብቻ እንደነበር እኔ ረስቼው ነበር። ቅመም ነው ወይስ ማርማላታ እያለች የምትስቅበት እሷ ነበረች። እሱ ደግሞ ያስተማረው አንቺን ብቻ ነው። የማን ገበያ ነው የልጄን እጅ የሚሸጠው አለችኝ እማ።

ጠርሙሱን ግድግዳ ላይ ትወረውረዋለች ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። አፏ የማያርፈው ታንቲ እንኳ ሎሚ መጭመቋን አቆመች።

እማ ግን ደግማ ቀመሰች። ቃሪያውስ የታለ? ያቺ ልጅ ያለ ቃሪያ ወቅጣ ታውቃለች? አለች። እውነቷን ነው። ለገና ቢጫውን ቃሪያ ከነፍሬው ስትበዪ፣ ኬርዊን ይህችን ሳገባ በር ላይ የእሳት አደጋ መኪና ላቆም ነው ሲል ከሁላችን በላይ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። ረስታው ይሆናላ አልኳት። የሚረሳ ነገር አይደለም አለችና፣ ፊቷ እንዴት ነው? ከስታለች? ብላ ጠየቀችኝ። ስታቀብዪኝ አፍሽን በመሀረብ ይዘሽ እንደነበር ነገርኳት፤ የጂፑ ጭስ አስቸግሯት ነው መሰለኝ ብዬ። እማና ታንቲ ተያዩ።

ከዚያ እማ፣ ለድስቱ የምትነግረው ይመስል፣ ኬርዊንን ሳረግዝ ቃሪያ ካለበት ቤት አልገባም ነበር አለች። ታንቲ አንድ ቀልድ ልትጀምር ነበር፣ ተወችው።

ዛሬ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የዘነዘናው ድምፅ ነው። እማ በጤዛው ተዳፋቱ ላይ ወጥታ፣ ከደረቁ መሀል ለምለሙን ለቅማ ተመልሳለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ጠርሙስሽን አጥባ ሞላችውና በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም አለችኝ። መንገድ ላይ ከፍቼ ቀመስኩት። የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ቃሪያ የለበትም።

ቅዳሜ ለአርባው ጸሎት ነይ በላት አላለችኝም፣ እንዳልዋሽሽ። ከበሩ ስወጣ ግን ጠርታ መለሰችኝ፦ ለጂፑ ሹፌር ንገረው፣ ቅዳሜ የፊት ወንበሩን ባዶ ያቆየው፣ መታጠፊያው ላይም ቀስ ይበል።

ነግሬዋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥሽ፤ ዳገቱንም ያቅልልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ