ለአረፋ የቀባነው ግድግዳ

ሰይዴ፣ የዘህራ አባት፣ ጀናዛህ ከዚህ ቤት ከወጣ ስምንተኛ ወሩን ያዘ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ሐሙስ ሐሙስ ከማዕድን ጉድጓዱ ወደ አዋሽ አንተው ራስህ ትመጣልኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢጣመም አትሳቅብኝ።

እዚሁ ቤታችን ውስጥ የከፈትኩት ሻይ ቤት አልተዘጋም። የእናንተ ጉድጓድ ግን ተዘግቷል። ድንጋይ መፍጫውን ጭነው ወሰዱት፤ የተፈጨውን ክምር እዚያው ትተውት ሄዱ። ዝናቡ ጉድጓዱን ሞላው፤ ከዚያ የጠጡ የአፋሮቹ ፍየሎች ጥርሳቸው በልዞ ያነክሳሉ።

ትዝ ይለኛል፣ ከሥራ ስትመጣ ከወፍጮ ቤት የወጣህ ነበር የምትመስለው። ሳታረጅ ሸበትክብኝ እያልኩ አሾፍብህ ነበር። ፎስፌት ነው፣ ለጥጥ እርሻው ማዳበሪያ ይሆናል አልከኝ። እህል የሚያበቅል ነገር ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ለአረፋ ቤቱን የምቀባበት ኖራ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ከዚያ ነጭ ዱቄት አንድ ጆንያ አምጣልኝ አልኩህ። የመንግሥት ነው ብለህ እምቢ አልክ። እኔ መች ዝም አልኩ፣ ጨቀጨቅኩህ። አመጣህልኝ። እኔ በሳፋ ስበጠብጥ አንተ በርጩማ ላይ ቆመህ ቀባህ። ቤታችን እንዴት አምሮ ነበር! ጎረቤት ሲቀና ደስ አለኝና የተረፈውን ለሦስት ቤት አካፈልኩ።

ከዚያ ሳል ጀመረህና ጠናብህ። ክሊኒኩ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ፤ እኛም ነቀርሳ አልን።

ባለፈው ወር የጉድጓዱን ውኃ ሊመረምር የመጣ ባለሙያ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ግድግዳውን በጣቱ ነካ አደረገና ከየት እንዳመጣነው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሻዩን አልጨረሰውም። በድንጋዩ ውስጥ ፍሎራይድና ካድሚየም የሚባሉ መርዞች አሉ አለኝ፤ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ጥርስና አጥንት ይጎዳሉ፣ አቧራው ደግሞ ሳንባ ላይ ይቀመጣል። ባሌን የገደለው ግድግዳው ነው ወይ አልኩት። መፍጫው ላይ የከረመበት ብቻውን ለሞቱ ይበቃል አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ሊነግረኝ አላውቅም። ዘህራ የምትተኛው ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ነው።

ግድግዳውን እያረጠብኩ እስከ ጭቃው ፋቅሁት። ፍቅፋቂውን በጆንያ ካሰርኩ በኋላ የት እንደምጥለው ጠፋኝ፤ ወንዙ ይጠጣል፣ ሜዳው ይጋጣል። እስካሁን ጓሮ ተቀምጧል።

የባሰው ግን ለጎረቤት መንገሩ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ጉድጓዱ ክፉ የሚያወራ ሁሉ አሻጥረኛ ነው ብሎ አስጠንቅቆኛል። ፈራሁ ሰይዴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ሁለቱ ቤቶች ሰምተውኝ ዕለቱኑ መፋቅ ጀመሩ። ሦስተኛዋ ኸዲጃ ናት፤ አንተ ከሞትክ በኋላ ጨቅላ ልጇን ቀብራለች። ልጄንም የገደለው እሱ ነው? አለችኝ። አላውቅም አልኳት። በሯን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም፤ አልፈርድባትም።

አልረሳህም ሰይዴ። ዱዓ ሳደርግ ከስምህ ቀጥዬ የልጇን ስም እጠራለሁ። ሰይድ በምን ሞተ ብሎ ለሚጠይቀኝም ከእንግዲህ ነቀርሳ አልልም። የሚፈጨው ድንጋይ ገደለው፣ ወደ ሰው ቤት ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ እላለሁ።