እሁድ የሚበራው ስልክ

ግንቦት ፲፭ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.

እንደ እናት ላሳደግሽኝ አክስቴ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ አትውጪ ያለሽን ሐኪም እንደማትሰሚው አውቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ረመዳን አራት ቀን ቀርቶታል፤ በሰላም ያድርሰን።

መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ማሂራን አታስነብቢያት፤ ልጅሽ ብትሆንም አፏ አያርፍም። ደብዳቤውን ያመጣልሽ ተሸካሚው ጠሀ ማንበብ አይችልም። በስልክ ያልነገርኩሽም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥቅምት ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሶማሌ ተራ በሙሉ ዋይፋይ አስገባልን ብሎ እንዴት እንደተሻማብኝ ታስታውሻለሽ? ያኔ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የዋይፋዩ ሳጥን ሥራ ሲጀምር ኢሜይል ይጠይቃል። ነጋዴው ደግሞ የት ኢሜይል አለው፣ «በራስህ አውጣልኝ ባክህ» ይላል። የስድሳ ሦስት ሱቅ ሳጥን በእኔ ኢሜይል ከፈትኩ፤ ያንቺም አንዱ ነው። ከፔርሙዙ መደርደሪያ በላይ ስሰቅለው «ይኼ ነገር ያያል እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። ሳቅኩብሽ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያያል። የማን ስልክ ስንት ሰዓት ላይ እንደገባበት ከነስሙ መዝግቦ፣ የትም ብሆን ስልኬ ላይ ያመጣልኛል።

መጀመሪያ ለሥራ ብዬ ነበር የማየው። ኋላ ሱስ ሆነብኝ። ጠዋት ሱቆቹ አንድ በአንድ ሲበሩ፣ ጁምዓ ሰዓት ግማሹ ሲጠፋ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። እሁድ ሁሉም ጭልም ይላል። መጋቢት ላይ አንድ እሁድ ግን ያንቺ ሱቅ ውስጥ አንድ ስልክ በርቷል። ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ስልኩ የተገዛ ቀን ያን ስም የጻፍኩለት እኔው ነኝ፤ «ሙናዊር ጀግናው» ይላል። ልጅሽ ከዩኒቨርሲቲው ግርግር በኋላ ሲፈለግ «ሪያድ ገብቷል» ብለሽ ለሁላችንም ከነገርሽን አራት ወር ሆኖት ነበር።

ሌባ ስልኩን ይዞ ገብቶ ይሆናል ብዬ ከራጉኤል እየሮጥኩ መጣሁ። የቆርቆሮው በር ከውጭ እንደተቆለፈ ነው። መንገዱ ጭር ብሎ ካርቶን የምታኝክ አንዲት ፍየል ብቻ አለች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም የለም። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እዚያው ቆሜ ከስልኬ ላይ ኢንተርኔቱን ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቶ ከቆጡ የሚያወርደው መሰላል ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ፤ ሰው በቀስታ እየወረደ ነው። እጄ ላይ ባለው ስልክ የሳጥኑ አረንጓዴ ምልክት ጠፋ። ከዚያ መልሶ በራ። አንድ ሰው ሳጥኑን አጥፍቶ አብርቶታል። በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሮጥኩ፣ አክስቴ። አብሬው ያደግሁትን ልጅ እንደ ጂን ፈራሁት።

በማግስቱ ቤትሽ ምሳ እየበላሁ «ሙናዊር ደወለልሽ?» ስልሽ፣ «የሪያድ ሙቀት አይጣል ነው ይላል» ብለሽ አጎረስሽኝ። አልተቀየምኩሽም። እኔም ብሆን ለማንም አልናገርም ነበር።

አሁን የመጣውን ጉድ ልንገርሽ። ትናንት ሁለት ሰዎች የጥገና ሱቄ መጡ። ትሁቶች ናቸው፤ ወንበር እስክሰጣቸው ቆመው ጠበቁ። ከየት እንደመጡ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስድሳ ሦስቱንም ሱቆች በስም ያውቋቸዋል። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሁድ የሚሠራ ሱቅ አለህ?» አለኝ። ነገ ጠዋት ፓስዎርዱን ይዤ እንድቀርብ ነግረውኝ ሄዱ። ያንቺን ሱቅ ብሰርዘው ጎድሎ ይታያል፤ ቆጥረውታል።

ስለዚህ የዚያን ስልክ ስም በራሴ ስም ቀየርኩት። አሁን «ፉርቃን» ይላል። ከጠየቁሽ፣ ያ ቦዘኔ የወንድሜ ልጅ በጣሪያ እየገባ እሁድ እሁድ ሱቄ ውስጥ ይተኛ ነበር በይ። ስደቢኝ፤ መቼም ስድብ አላስተምርሽም። የእኔን ነገር ሲያጣሩ ጥቂት ቀን ያልፋል። ሪያድ ያለው ሰው ግን ዛሬውኑ ከዚያ ይውጣ። ስልኩን ሰባብሮ ይጣለው። ሳጥኑን አትንኪው፣ ከጠፋ ይጠራጠራሉ።

ለእሱ ሰላም በይልኝ። ያን እሁድ ኢንተርኔቱን የዘጋሁበት እኔ ነኝ፣ ከበሩ ማዶ የሮጥኩትም እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ። ማፍጠሪያ ላይ ቦታዬን ማንም እንዳይቀመጥበት፤ ብዘገይም እመጣለሁ። ዱዓሽ አይለየኝ። አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ልጅሽን ያቆይልሽ። ወረቀቱን አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

እሁድ እሁድ ሱቅሽ ውስጥ የሚተኛው
የወንድምሽ ልጅ