ናሆም ኅብረቱን ከተወ ወዲህ

የናፍቆቴ ልጅ ሶስና፣ ጌታ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ በጦርነቱ የተሰበረውን በርም አስጠግነናል።

ወንድምሽ ናሆም ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። የወጣቶች ኅብረቱ መሪ «ለፓርቲው ያልቆመ ጌታን ክዷል» ሲል፣ ናሆም ተነስቶ «ይኼ ጸሎት ነው ወይስ ስብሰባ?» አለው። ጋኔን አለበት ብለው ከበው ጮኹበት።

ከዚያ ወዲህ አይጸልይም። ጊታሩንና አዲሱን ጫማውን ለጎረቤታችን ለመስኡዳ ልጅ ሰጠ። ጠዋት ጠዋት ብቻውን ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኔም አየሩ ይስማማኛል ብዬ ከኋላው እወጣለሁ። ዓሣ አጥማጁ ሀሚዱም «እትዬ፣ ጀልባዬን ከእሱ አላርቅም» ብሎኛል።

ትናንት ናሆም «እማ፣ ሶስናን እወድሻለሁ ብሏል በያት» አለኝ።

«ራስህ ንገራት» አልኩት።

ልጄ፣ ሥራ ቢበዛብሽም ይኼ እንደደረሰሽ ደውይለት።

ድምፅሽን የምትናፍቅ እናትሽ፣ የሺመቤት