ቀኑ የታወቀ ፎቶ

ማርሻል፣ ቴክሳስ
ኦክቶበር 14፣ 2009

ልጄ ኮሪን፣

እንዴት ነሽ ማለት ስላለብኝ እንዴት ነሽ። እኔማ ነድጃለሁ! ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽብኝ ሦስት ቀንሽ ነው። እንግዲህ ይሄን አንብቢው።

ያ የከሰስኩት የስልክ ኩባንያ ሰባት ጠበቃ ደርድሮ ችሎት መጥቷል። እኔ ያለኝ አንድ ፕሩዊት ነው፣ እሱንም ጉንፋን ይዞታል። እስከ ትናንት ግን እያሸነፍን ነበር። ሁለት ሬዲዮዎች ሞገዳቸው ሲታወክ ሳይጠፋፉ አብረው ወደ ጸጥተኛ ሞገድ የሚሻገሩበትን ዘዴ እኔ ጋራዤ ውስጥ እንደፈጠርኩት፣ እነሱ ደግሞ ሳያስፈቅዱኝ በየስልካቸው እንደከተቱት ከሕዝቡ የተመረጡት ፈራጆች ገብቷቸው ነበር። አንዱ ዶሮ አርቢ ነው፤ ስናገር በአዎንታ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ።

ከዚያ ያንን ፎቶ ግድግዳ አሳክለው አወጡት። የታይለር ከተማ የሬዲዮ ወዳጆች ገበያ፣ የእኔ ጠረጴዛ፣ ሁለቱ የሬዲዮ ሳጥኖቼ ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ሰው ከቧቸው፣ አንቺ መሃል ላይ የፊት ጥርስሽ ወልቆ። ዓመቱን ማንም አያውቅም ነበር! ጠበቆቻቸው አላስካ ድረስ ሄደው ሲጠይቁሽ «ስምንተኛ ልደቴ ነው፣ ማርች 1994» ብለሽ የማልሽው አንቺ ነሽ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ፈጠራውን አደባባይ ያወጣ ሰው በዓመት ውስጥ ካላስመዘገበ መብት የለውም። እኔ ያስመዘገብኩት በአሥራ አራተኛው ወር ነው።

ደግሞስ እሱ አደባባይ ነው እንዴ? ሁሉም የሚተዋወቅበት፣ ክዳኑን ያልከፈተ ሰው «ምን ደብቀህ ነው?» ተብሎ የሚሰደብበት ቦታ! ወዳጄ ቨርጂል ሽቦዎቹን በጣቱ እየነካካ «ዌንደል፣ ይሄማ ጉድ ነው፣ ቶሎ አስመዝግበው» ሲለኝ «ማን ሊሰርቀኝ? አንተ?» ብዬ ስቄበታለሁ። አይ የኔ ነገር!

ለአንቺም ያን ዕለት በስልክ «በቀጣዩ ዓመት ነው በይ» ብልሽ ምን አልሽኝ? «አባዬ፣ አልዋሽልህም።» እሳት አመድ ወለደ አሉ! እናትሽ «ወይ እኔ ወይ ጋራዡ» ብላ ጥላኝ የሄደችበትን ሥራ በአንድ ቃል ናድሽው።

ነገ የምመሰክረው እኔ ነኝ። ፕሩዊት ዛሬ ምሳ ላይ ሥጋውን እያኘከ «አላስታውስም በል፣ በቃ። ልጅህ ያኔ ሕፃን ነበረች፣ ተሳስታለች በል። ዶሮ አርቢው ያምንሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያምነኛል። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረኝ።

ችግሩ፣ አስታውሳለሁ። እንኳን ዓመቱን፣ የለበስሽውን ሹራብ አስታውሳለሁ። ያን ቀን ክዳኑን የከፈትኩት ለቨርጂል አልነበረም፤ አንቺ «አባዬ፣ ውስጡ ምን አለ?» ስላልሽኝ ነው።

አሁንም ተናድጄብሻለሁ፤ ቶሎም አይበርድልኝም። አላስካ በረዶው ጀምሯል አሉ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊ። እግዜር ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ፤ ግትርነትሽን ግን አይንካብሽ።

ነገ ጠዋት እጄን አንስቼ ከማልኩ በኋላ፣ ልጄ ትክክል ናት እላለሁ።

አባትሽ
ዌንደል ስትራውድ