የሲሚንቶዋን ቢራቢሮ ላስመረቁልን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የፑንካራ ማዘጋጃ ቤት ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ሕሊና የማያውከው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሲንዱጃ እባላለሁ፤ እስካለፈው ወር ድረስ የከተማችን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ነበርኩ። ዛሬ ደግሞ፣ በእናቴ አጥር ላይ ያስለጠፉት ማስጠንቀቂያ እንደሚገልጸው፣ «አረምና ትል የምታራባ ግለሰብ» ነኝ። ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ። ማስጠንቀቂያው አጥሩ ላይ ያለውን ሐረግ እስከ ሰኞ እንድንቆርጥ፣ አለዚያ ሠራተኞችዎ መጥተው እንደሚቆርጡት ያዝዛል፤ ከግርጌውም «ይህን ወረቀት የነካ ይቀጣል» ይላል። እንግዲህ ጥፋቶቼን በተራ ልናዘዝ።

፩. ከእናቴ አጥር ቁራጭ ወስጄ፣ የንስር ሐረግ የምንለውን ተክል ከተማሪዎቼ ጋር በትምህርት ቤቱ አጥር ተከልኩ። ጥቁርና ቢጫዋ ትልቋ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በእሱ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ጠበቅናት፤ መጣች። ልጆቹ ያን ቀን ምሳቸውን ረሱ።

፪. መድኃኒት አልረጨንም። አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ ዝም ብለን አየነው፤ ነገ ቢራቢሮ የሚሆነው እሱ ነውና። ይህን ለቢሮዎ በጽሑፍ አስረድቼ ነበር፤ ምናልባት ሥዕል ማያያዝ ነበረብኝ።

፫. የሜዳ አበባ ሳይታጨድ እንዲያድግ ተውን፤ ቢራቢሮዎች ጨው የሚመጥጡበት እርጥብ ጭቃም በሳህን አስቀመጥን።

እርስዎ ግን ከእኛ የበለጠ አሰቡ። በኦናም የመኸር በዓል እዚያው ትምህርት ቤቱ አጠገብ «የቢራቢሮ መናፈሻ» ለማስመረቅ፣ በዋዜማው የትምህርት ቤቱን አጥር አስጸዱት። ሐረጉን ይነቅሉ የነበሩትን ሠራተኛዎን አቶ ኩንጁራማንን እንዲተዉት ስለምናቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቢራቢሮ ስለምትመጣ ቦታው ይጽዳ ተባልኩ» አሉኝ። የቷ ቢራቢሮ ብላቸው፣ «የሲሚንቶዋ ነቻ! ከሰዓት በመኪና ትመጣለች» አሉ። የሜዳ አበቦቻችንንም አስለቅመው፣ በሲሚንቶዋ ቢራቢሮ ሐውልት እግር ሥር የበዓሉን የአበባ ምንጣፍ አሠሩባቸው። የምንጣፉ ቅርጽ ቢራቢሮ ነበር። በበዓሉ የምንጣፍ ውድድር አንደኛ መውጣቱን ሰምቻለሁ፤ ዳኛውም እርስዎ ስለነበሩ እንኳን ደስ አለዎት። በምረቃው ላይ ተነሥቼ ይህንኑ በመናገሬ በማግስቱ ከሥራ አሰናበቱኝ።

ክቡር ሆይ፣ አሁን በከተማችን የቀረው ያደገ ሐረግ የእናቴ ብቻ ነው። አሥራ አንድ አባጨጓሬዎች ይኖሩበታል፤ ሌላ ቅጠል አይበሉም። ሰኞ ከተቆረጠ እነሱ በረሃብ ያልቃሉ፤ እናታቸውም የምትመለስበት አይኖራትም። ስለዚህ አልቆርጠውም። ሠራተኞችዎ ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ ያገኙኛል።

እስከዚያው ቁራጭ ለሚፈልግ ሁሉ እየሰጠሁ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ዘጠኝ ጎረቤቶች ወስደው ተክለዋል፤ እባክዎ ዘጠኝ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ያሳትሙ።

ከታላቅ አክብሮትና አፈር ከነካቸው እጆች ጋር፣
ትል አራቢዋ ሲንዱጃ ፓራካል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት አንደኛው አባጨጓሬ ከሐረጉ ወርዶ፣ ልክ ከፊርማዎ በታች በማስጠንቀቂያው ወረቀት ላይ ራሱን አንጠልጥሎ በቅርፊት ተጠቅልሏል። ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ወረቀቱን የነካ እንደሚቀጣ በገዛ ፊርማዎ አረጋግጠዋልና፣ ለሠራተኞችዎ ቢያስታውሱልኝ።